መመዘን ከመውጫው በር በፊት

በነጌሌ ቦረናና በደቡብ ቆላማ ከተሞች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተማረው ነገር እንዴት ይለካል?

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ እንደ መውጫ ፈተና በአጭር ጊዜ የየቤቱ መነጋገሪያ የሆነ የምዘና ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚጠብቅ ተማሪ፣ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም ይማር፣ የሚጠበቅበትን ክሬዲት ሁሉ ጨርሶና አማካይ ውጤቱን ከ2 ነጥብ በላይ አድርሶ እንኳ፣ ትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጀውን አገር አቀፍ ፈተና ቢያንስ 50 በመቶ አምጥቶ ካላለፈ ዲግሪውን አይረከብም። ፈተናው ለሁሉም የትምህርት መስኮች መሰጠት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን የሕግ ተማሪዎች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሲወስዱ ቆይተዋል፤ የጤና ባለሙያዎች ወደ ሥራ ከመሰማራታቸው በፊት የሙያ ፈቃድ ምዘና አለባቸው፤ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችም በተለምዶ ሲኦሲ በሚባለው የብቃት ምዘና ያልፋሉ። ይህን ያህሉን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። ብዙ ሲባልበት የማይሰማው ፈተናው ተማሪው በቆይታው ምን እንደ ተማረ ይናገራል ወይ፣ የሚናገር ከሆነስ ሰምቶ አንድ ነገር የሚያደርገው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ከመሐል አገር ርቀው በቆሙት ተቋማት ዘንድ ይበልጥ ይከብዳል። ከአዲስ አበባ በሐዋሳና በዲላ አድርጎ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ቡና አብቃዩን ደጋማ አገር ሲጨርስ ቡሌ ሆራን ያገኛል፤ ከዚያ ወደ ያቤሎ፣ ወደ ሜጋና ወደ ኬንያ ድንበር እያዘቀዘቀ ግራርና ኩይሳ በሚበዛበት ሜዳ ያልፋል። የቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያቤሎ ላይ የተቋቋመው የቦረና ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ትውልድ ከሚባሉት ታዳጊ ተቋማት አንዱ ነው። ነጌሌ ቦረና በሌላኛው መንገድ፣ በአዶላና በዋደራ በኩል ትገኛለች። በብዙ አንባቢ ዘንድ የምትታወሰው በጥር 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው ጦር በምግብና በመጠጥ ውሃ ችግር ተነሣሥቶ ባመፀበትና የአብዮቱ መባቻ በሆነው ታሪክ ነው፤ ዛሬ ግን የምሥራቅ ቦረና ዞን መቀመጫና የሰፊ አርብቶ አደር አካባቢ የገበያ ማዕከል ናት። ከዚህች ከተማ የሚወጣ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በአንድ ወቅት ዲላ ወይም ሐዋሳ መሄድ ነበረበት፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ባሌ ሮቤ ያለው መደ ወላቡ ተጨመረለት፤ ቡሌ ሆራና ያቤሎ ደግሞ ከዚያ በኋላ ቀረቡለት። ተቋሙ ቀርቧል፣ ሕንጻው ተሠርቷል፣ ተማሪውም ገብቷል፤ በውስጡ የሚገኘው ትምህርት ምን ያህል እንደሚይዝና ምን ላይ እንደሚውል የሚያሳይ መለኪያ ግን እንደ ሕንጻው ቶሎ አልቆመም።

የፈተናው ሂደት በቅርብ ሲታይ ይህንኑ ያመለክታል። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ በመሆኑ የግል ኮሌጅ ተማሪዎችም የሚፈተኑት በተመደቡበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። በሩቅ ከተማ ያሉት ቀደም ብለው ተነሥተው አልጋ ይይዛሉ፣ ዘመድ ያላቸውም ዘመድ ቤት ያርፋሉ። ጠዋት ስልካቸውንና ቦርሳቸውን ከውጭ አስቀምጠው፣ ፍተሻ አልፈውና መታወቂያ አሳይተው በተደረደሩት ኮምፒውተሮች ፊት ይቀመጣሉ። የተጠቃሚ ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን ሲያስገቡ ጥያቄዎቹ ከነአማራጮቻቸው እየተከታተሉ ይመጣሉ። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ወይም መብራት ሲቋረጥ የሚፈጠረው ድንጋጤ የሚገባው፣ የቤተሰቡ የዓመታት ወጪና ተስፋ በዚያች ጠዋት ላይ እንደ ተንጠለጠለ ለሚያውቅ ብቻ ነው። ተፈታኙ ጨርሶ ሲወጣ የሚጠብቀው ውጤት አንድ ቁጥር ነው፤ የትኛውን የሙያ ክፍል እንደ ጨበጠ፣ የትኛው እንዳመለጠው ቁጥሩ አይነግረውም።

አንድ ተማሪ፣ ሁለት ሚዛን

በዩኒቨርሲቲው ቅጥር ውስጥ ተማሪውን የሚመዝነው መምህሩ ነው። አንድ ኮርስ ከመቶ ሲታሰብ ጥቂቱ ለኩዊዝ፣ ጥቂቱ ለአሳይመንትና ለገለጻ፣ ከዚያ የበለጠው ለሚድ፣ ትልቁ ድርሻ ደግሞ ለፋይናል ይከፈላል፤ ድምሩ ወደ ፊደል ተለውጦ በተማሪው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ተማሪው በዚህ ሁኔታ ከአርባ በላይ ኮርሶችን አልፎ ለመመረቂያው ሲደርስ በመምህራኑ ሚዛን ብቁ ተብሏል ማለት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግን ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 62 በመቶ ያህል፣ ከግል ተቋማት ያለፉት ደግሞ 17 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከወደቁት መካከል በመምህራኑ ፊት ያላለፈ አንድም አልነበረም፤ ሁሉም በየኮርሱ «አልፏል» ተብለው የመጡ ናቸው።

ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ መምህራኑ ውጤት ያድላሉ ወደሚል ድምዳሜ ይሮጣል። በመምህራን በኩል ያለው እይታ ከዚህ የተወሳሰበ ነው። በታዳጊ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ ወጣት መምህራን እንደሚሉት አንድ መምህር የብዙ ተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ከተደራራቢ የማስተማር ሰዓት ጋር ሲያርም፣ ማብራሪያ የሚጠይቅ ጥያቄ ከማውጣት ይልቅ በምርጫና በእውነት ሐሰት መወሰን ይቀለዋል፤ ኤፍ ያበዛ መምህር ደግሞ «ለምን አላስተማርክም?» ተብሎ የሚጠየቅ ሲሆን፣ ኤ ያበዛውን የሚጠይቀው የለም። ተማሪዎች በበኩላቸው የቀድሞ ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ከዶርም ዶርም እየዞሩ እንደሚገኙ፣ ሀንድአውት ሸምድዶ ገብቶ ማለፍ እንደሚቻል፣ የቡድን አሳይመንት ሲሰጥ አንድ ወይም ሁለት ሰው ሠርቶት የአምስት ሰው ስም እንደሚጻፍበት አይደብቁም። በዚህ ዓይነት አሠራር የተሰጠ ውጤት ሐሰት ነው ለማለት ሳይሆን፣ ስለ ተማሪው የሚናገረው ጥቂት ነው ለማለት ነው።

> ከወደቁት መካከል በመምህራኑ ፊት ያላለፈ አንድም አልነበረም

ነገሩን የሚያሳዝን የሚያደርገው ለዚህ መድኃኒት ተብሎ የመጣ ሐሳብ አስቀድሞ መኖሩ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የማስተማር ሥነ ዘዴ የሚሠለጥኑበት የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር ተከፈተ፤ በኋላም ሥርዓተ ትምህርቱ በሞጁል እንዲደራጅና ተከታታይ ምዘና እንዲተገበር ተደረገ። ተከታታይ ምዘና ማለት መምህሩ በኮርሱ ሂደት ውስጥ ተማሪው የገባውንና ያልገባውን እየለየ፣ ያልገባውን እንደገና እያስተማረ፣ ተማሪውም ከስሕተቱ እየተማረ የሚሄድበት ዘዴ ነው፤ ከማጠቃለያ ምዘና የሚለየውም ዋና ዓላማው ፍርድ መስጠት ሳይሆን ማቃናት በመሆኑ ነው። በተግባር ግን በብዙ ቦታ ተከታታይ ምዘናው ወደ ተከታታይ ፈተናነት ተለወጠ። ቀድሞ አንድ ትልቅ ፈተና የነበረው ወደ አራት ትንንሽ ፈተናዎች ተከፋፈለ፤ የታረመው ወረቀት ከነአስተያየቱ ወደ ተማሪው የሚመለስበት፣ ቢመለስም ተነጋግረውበት የሚታለፍበት ጊዜ ጠፋ። ነጥቡ ተሰብስቧል፣ መቃናቱ ግን ቀርቷል።

የሚለካውና የሚያመልጠው

የመማር ውጤት የሚባለው፣ ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ሊያውቀው፣ ሊሠራውና ሊሆነው የሚገባው ነገር አስቀድሞ በግልጽ የተጻፈበት ዓረፍተ ነገር ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ራልፍ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትምህርት ከመሰጠቱ በፊት ዓላማው መቀመጥ፣ ከተሰጠ በኋላም ዓላማው መድረሱ መፈተሽ አለበት ሲል ሐሳቡን አስጨበጠ፤ ቤንጃሚን ብሉም ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1956 የዕውቀትን ደረጃዎች ከማስታወስ ጀምሮ እስከ መተንተንና መመዘን ድረስ በቅደም ተከተል አሰፈረ። የእኛም የመውጫ ፈተና ከዚሁ ሐሳብ የተቀዳ ነው። ለየመስኩ ዋና ዋና ብቃቶች ተለይተው ብሉፕሪንት በሚባለው የፈተና ንድፍ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ጥያቄዎቹ በንድፉ መሠረት ይዘጋጃሉ።

የምዘና ባለሙያዎች አንድን ፈተና በሁለት ነገር ይመረምሩታል። አንደኛው አስተማማኝነት ነው፤ ይኸውም ያው ተማሪ በሌላ ቀን ወይም በሌላ አራሚ ፊት ቢቀርብ ተቀራራቢ ውጤት ያገኛል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ተገቢነት ሲሆን፣ ፈተናው እለካዋለሁ ያለውን ነገር በእርግጥ ይለካል ወይ ብሎ ይጠይቃል። በኮምፒውተር የሚታረም የምርጫ ጥያቄ በመጀመሪያው በኩል ጠንካራ ነው፤ አድልዎ የለበትም፣ አራሚውም አይደክምም። በሁለተኛው በኩል ግን እንደየሙያው ይለያያል፤ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የሚገባውን ያህል ሊለካበት ይችላል፣ ከሰውና ከእንስሳ ወይም ከመሬት ጋር የሚሠራ ባለሙያ ግን ዋናው ብቃቱ ከምርጫዎቹ ውጭ ይቀራል።

ይህን ለመረዳት ያቤሎ ዙሪያ ያለውን የግጦሽና የውሃ አያያዝ ማየት ይበቃል። የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች፣ ቱላ የሚባሉት፣ እንዲሁ የተቆፈሩ ቀዳዳዎች አይደሉም። እያንዳንዱ ጉድጓድ በቆፋሪው ጎሣ ስም የሚጠራ ባለቤት አለው፤ የየዕለቱን የመጠጣት ተራ የሚያወጣ አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አለው፤ በበጋ ከብቱ በየስንት ቀኑ እንደሚጠጣ፣ እንግዳ መንጋ ሲመጣ ለማን እንደሚነገር፣ ጉድጓዱ ሲደፈን ማን እንደሚጠርግ የተደነገገ ሥርዓት አለው። ሰዎች ከጉድጓዱ ግርጌ እስከ አፉ ተደርድረው ውሃውን በዜማ እየተቀባበሉ ወደ ከብት ማጠጫው ገንዳ ያወጡታል። የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ወይም የእንስሳት ሳይንስ ምሩቅ በዚህ አገር ተቀጥሮ ሲሠራ የሚገጥመው ይህ ነው። አዲስ የውሃ ኩሬ የት ይቆፈር የሚለው ውሳኔ፣ ኩሬው በዙሪያው ያለውን ሣር በአንድ ወቅት እንዲያልቅ የሚያደርግ ከሆነ፣ ለመንጋው ሁሉ ጥፋት ነው። «የጋራ ሀብት አስተዳደር ማለት ምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ ትክክለኛውን ፊደል የመረጠ ተማሪ አባ ሄሬጋውን ሳያማክር ኩሬ የሚያስቆፍር ከሆነ፣ ፈተናውን አልፏል፣ ሙያውን ግን አላወቀም።

ሌላም ምሳሌ አለ። የግጦሽ መሬትን በእሳት ማጽዳት ከተከለከለ ወዲህ በቦረና ሜዳ ቁጥቋጦ እየወረረ ሣሩን እንዳቀጨጨው አርብቶ አደሮችም ተመራማሪዎችም ይስማሙበታል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ያለቀው ከብት ብዛት ደግሞ በአካባቢው ቤተሰብ ሁሉ ዘንድ ይታወሳል። እንዲህ ያለ ጥፋት ባለበት አገር የሚማር ተማሪ፣ አንድን የግጦሽ መሬት ተዘዋውሮ አይቶ የትኛው ተክል እንደ በዛ፣ የትኛው እንደ ጠፋ፣ መንጋው ወዴት መንቀሳቀስ እንዳለበት ከሽማግሌዎች ጋር ተወያይቶ ሐሳቡን እንዲያቀርብና እንዲከላከል ቢጠየቅ የተማረው በእርግጥ ይታያል። እንዲህ ያለው ምዘና ጊዜ ይፈጃል፣ መኪናና ነዳጅ ይጠይቃል፣ አመዛዘኑም ግልጽ መስፈርት ካልተዘጋጀለት ለአድልዎ ይጋለጣል፤ ነገር ግን ለዚህ አካባቢ ከሁሉ የሚጠቅመውን ብቃት የሚለካ ሌላ መንገድ አልተገኘም።

> ፈተናውን አልፏል፣ ሙያውን ግን አላወቀም

በጎረቤት ያለ የምዘና ሥርዓት

የሚያስገርመው፣ በእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ዕውቀትንና ኃላፊነትን የሚመዝንበት የራሱ የቆየ ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው። በኅዳር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሰውን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው እያሳደገ፣ በእያንዳንዱ እርከን የሚጠበቅበትን ተግባር እያስተማረ የሚያወጣ ነው። በቦረና ዘንድ የዘመን አቆጣጠር አዋቂዎች አያንቱ ይባላሉ። አቆጣጠሩ 12 የጨረቃ ወራትና ስማቸው እየዞረ የሚመለስ 27 ቀናት ያሉት ሲሆን፣ የጨረቃን አወጣጥ ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር ያገናዝባል፤ አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ባሳተሙት ጥናት በሰፊው ገልጸውታል። አያንቱው የቀኑን ስም ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ በዚያው ሌሊት ሰማዩን አይቶ የሚረጋገጥ ስለ ሆነ፣ ዕውቀቱ ከሥራው ተለይቶ አይፈተንም። በሰሜኑ የአብነት ትምህርት ቤትም የቅኔ ተማሪ የሚመሰገነው የሌላውን ቅኔ በቃል በመያዙ ብቻ ሳይሆን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት በማቅረቡ ነው፤ ሁለቱ ሥርዓቶች ሳይተዋወቁ በዚህ ይገናኛሉ።

ከሁሉ በላይ ትምህርት የሚሆነው ግን ጉሚ ጋዮ ነው። ይህ የቦረና ታላቅ ጉባኤ በየስምንት ዓመቱ፣ በአባ ገዳው የሥልጣን ዘመን አጋማሽ ገደማ ይጠራል። ሕግ ይመረመራል፣ ይሻሻላል፤ መሪዎቹም ስለ ሠሩትና ስላልሠሩት ይጠየቃሉ፣ ያጠፋ ከሥልጣኑ እስከ መነሣት ይደርሳል። ጉባኤው የሥልጣን ዘመኑ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ገና የሚታረም ጊዜ ሳለ ይመረምራል። የዩኒቨርሲቲ ምዘና የጎደለው ይኸው ነው። ተማሪው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት፣ ገና የሚቃና ሳለ፣ በሙያው ዋና ዋና ብቃቶች ላይ ቢመረመር፣ ውድቀቱ በመመረቂያው ሰሞን ላይ ተከማችቶ አይፈነዳም ነበር።

ቋንቋው የሚያደርሰው ጫና

ስለ ውጤት ሲወራ የሚዘነጋው ትልቅ ጉዳይ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ የሚደርስበት ሁኔታ ነው። በነጌሌ ወይም በያቤሎ ዙሪያ ያለ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ ወደ ምሥራቅ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ኦዶ ሲኬድ ደግሞ በሶማሊኛ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሆናል። በድርቅ ዘመን ቤተሰቡ መንጋውን ተከትሎ ሲሰደድ ትምህርቱ ይቋረጣል፣ የከተማ ዘመድ ያለው ብቻ ይቀጥላል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በመጀመሪያው ዙር፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ መሆናቸው የአገር ድንጋጤ ነበር። ቀዳዳውን ለመድፈን ሪሜዲያል የተባለው የማካካሻ መርሐ ግብር ተጀመረ፤ በዚህም ከውጤቱ 30 በመቶው በዩኒቨርሲቲው በሚደረግ ምዘና፣ 70 በመቶው ደግሞ ከማዕከል በሚመጣ ፈተና እንዲታሰብ ተደረገ። ክፍፍሉ ራሱ ሚኒስቴሩ በመምህራኑ ምዘና ላይ ያለው እምነት የት ድረስ እንደ ሆነ ይናገራል።

በዚህ ሁኔታ የመጣ ተማሪ በመውጫ ፈተናው ላይ ሲወድቅ የወደቀው በሙያ ዕውቀቱ ነው ወይስ ጥያቄው በተጻፈበት እንግሊዝኛ የሚለውን አንድ ቁጥር ሊለየው አይችልም። በዞንና በወረዳ መሥሪያ ቤቶች ያሉ ቀጣሪዎች ይህን በተግባር ያውቁታል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሪፖርት ማዘጋጀት የሚከብደው ምሩቅ ከአርብቶ አደሩ ጋር በአፋን ኦሮሞ ሲነጋገር ሙያውን አብጠርጥሮ ሲያስረዳ ያዩታል፤ በሌላ በኩል ግሬዱ ያማረ ሆኖ ክትባት በሚሰጥበት በረት ውስጥ ላም መያዝ የማይችልም ይገጥማቸዋል። ቋንቋው አስፈላጊ ነው፣ ተማሪው እንግሊዝኛን ማወቅ አለበት፤ ነገር ግን ቋንቋ መለካት ከተፈለገ በቋንቋነቱ ይለካ፣ የእንስሳት ሕክምናም በእንስሳት ሕክምናነቱ።

ከመስክ የሚመጣ ማስረጃ

የመስክ ምዘና ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄዶ፣ አብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግል የሚያስገድድ መርሐ ግብር ነበር። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎችን በቡድን እያሰማራ በየገጠሩ ያሠለጥን ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን የተቋሙ መሠረት አድርጎ ወሰደ፤ ተማሪዎች አንድን መንደር ይዘው ችግሩን ያጠናሉ፣ መፍትሔ ይነድፋሉ፣ ይተገብራሉ፣ በሕዝቡና በመምህራኑ ፊት ያቀርባሉ፣ በዚያም ይመዘናሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ይህን ወደ ሌሎች መስኮች አስፋፍቶታል። በእርግጥ የመስክ ሥራው በየጊዜው በበጀት እጥረት ሲሸራረፍ፣ አንዳንዴም ለሪፖርት ሲባል ብቻ ሲሠራ ታይቷል። ሐሳቡ ግን ከውጭ አገር አዲስ የሚገዛ ሳይሆን በእጃችን ያለ ነው፤ በቡሌ ሆራና በያቤሎ ቢሠራበት መስኩ ከግቢው በር ይጀምራል።

በውጭ ያለው ልምድም በጥንቃቄ ቢታይ ይጠቅማል። ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ተመራቂዎችን በአገር አቀፍ ፈተና ትመዝናለች፤ ዋናው ልዩነት ፈተናው ይበልጥ የሚፈርደው በተማሪው ላይ ሳይሆን በሚያስተምረው ፕሮግራም ላይ መሆኑ ነው። ተማሪው መቅረብ አለበት፣ የሚገመገመው ግን ኮርሱና ተቋሙ ናቸው። የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትም በተለያዩ አገሮች ያሉ ተመራቂዎችን በአንድ መለኪያ ለማወዳደር ከአሥር ዓመት በፊት ያካሄደው ሙከራ ከሙከራነት አልፎ አልቀጠለም። የየአገሩን ትምህርት በአንድ ፈተና ማመዛዘን ለሀብታሞቹም ከባድ ሆኗል።

ውጤቱ ለማን ይደርሳል?

በእኛ የመውጫ ፈተና የወደቀ ተማሪ ዋጋውን ብቻውን ይከፍላል። ዲግሪው ይያዝበታል፣ ሥራ መወዳደር አይችልም፣ በቀጣዩ ዙር እንደገና ለመፈተን ወደ ቤተሰቡ ተመልሶ ይጠብቃል። የግል ኮሌጅ ተማሪ ከሆነ ክፍያውን ከፍሎ የጨረሰ ቤተሰብ ነው የሚጠብቀው፤ በቆላማ ከተሞች ይህ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከተሸጠ ከብት የመጣ ነው። ልጅ ለማስተማር በሬ የሸጠ አባት ልጁ ለምን እንደ ወደቀ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ አንድ ቁጥር ነው፣ ለኮሌጁም የቀረበ ጥያቄ የለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ጥራትን የሚቆጣጠር ኤጀንሲ ተቋቁሞ፣ በኋላም ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተለውጧል፤ የሕንጻ፣ የመምህርና የመጽሐፍ ብዛት ተቆጥሯል፣ ፈቃድም ተነጥቋል። የተቋሙ ተማሪዎች በሚያሳዩት የመማር ውጤት ተቋሙን መጠየቅ ግን ገና አልተለመደም።

የመውጫ ፈተናውን የሚደግፉ ሰዎች የሚሉት እውነት አለው። ፈተናው ከመጣ ወዲህ የትምህርት ክፍሎች ሞዴል ፈተናና ቱቶሪያል ያዘጋጃሉ፤ ተማሪው አንደኛ ዓመት የወሰደውን ኮርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል፤ ዲግሪ በገንዘብ ይገዛል የሚለው ሐሜት ቀንሷል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፈተናው ይነሣ የሚለው ጥሪም መልስ አይሆንም። የትምህርት ክፍሎቹ ከፈተናው ጋር ያላቸው ግንኙነት ግን ለፈተናው ከመዘጋጀት ካላለፈ፣ አራተኛው ዓመት ሙሉ በሙሉ የምርጫ ጥያቄ መለማመጃ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ የመስክ ልምምዱና የመመረቂያ ጥናቱም ቦታ እያጡ ይሄዳሉ። ይህ ከወዲሁ የሚታይ አዝማሚያ መሆኑን ተማሪዎችም መምህራንም ይናገራሉ።

> የወደቀ ተማሪ ዋጋውን ብቻውን ይከፍላል

ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎቹ ሦስት ነገር ሊያደርጉ ይገባል። ለየትምህርት ክፍሉ የሚደርሰው ውጤት ስንት አለፈ፣ ስንት ወደቀ ከሚለው አልፎ ተማሪዎቹ የትኛውን ብቃት እንደ ያዙና የትኛውን እንዳጡ ለይቶ የሚያሳይ ይሁን፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶም ኮርሱ ይከለስ። ተማሪው በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ፣ ዲግሪ የማያስከለክል ግን ጉድለቱን የሚያሳይ ምዘና ይደረግለት። በነጌሌ፣ በያቤሎ፣ በሞያሌ መሬት ላይ የሚሠራው የመስክ ሥራም መስፈርቱ ተጽፎ፣ የአካባቢው አዋቂዎች በገምጋሚነት ተቀምጠውበት፣ ከመጨረሻው ውጤት ተገቢ ድርሻ ይሰጠው። ቡሌ ሆራና ቦረና ዩኒቨርሲቲዎች ከቱላ ጉድጓዶቹና ከጉሚ ጋዮ ቀጥሎ ያሉ ጎረቤቶች በመሆናቸው ይህን ለመጀመር ከሌሎቹ ይልቅ ይቀርባቸዋል፤ በመጪው የትምህርት ዘመን በአንድ የትምህርት ክፍል፣ በእንስሳት ሳይንስ ወይም በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ፣ ይጀምሩት።